የራውተሮች የመንገድ ምርጫና «የአስተዳደር ርቀት» የተባለው ደንብ፤ አጭር ሂስ

የራውተር ሥራ ከአንድ ወገን የመጣለትን ፓኬት ተቀብሎ ወደሚገባው ወገን ማሳለፍ ነው። ይህን ሊያደርግ የሚችለው መንገዶቹ የተጻፉበት ሰንጠረዥ ሲኖረው ነው። ሰንጠረዡን የሚሞላው ግን አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱን መስመር የኔትወርኩ አስተዳዳሪ በእጁ ይጽፈዋል፤ ሌላውን ሪፕ፣ ኦኤስፒኤፍ፣ ኢአይጂአርፒ፣ አይኤስ-አይኤስና ቢጂፒ የሚባሉት ፕሮቶኮሎች ከጎረቤት ራውተሮች እየሰሙ ያመጡታል። ታዲያ ስለ አንድ ኔትወርክ ሁለት ፕሮቶኮሎች ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይዘው ቢቀርቡ ራውተሩ የማንን ቃል ይቀበላል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ይህ ነው።

በየመማሪያ መጽሐፉ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «የአስተዳደር ርቀቱ አነስተኛ የሆነው ያሸንፋል» ይባላል። ከዚያም የቍጥሮች ዝርዝር ይቀርባል፤ ተማሪውም ዝርዝሩን በቃሉ ይይዛል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ቍጥሮቹ ምን እንደሚለኩና ምን እንደማይለኩ ሳይጠየቅ ስለሚታለፍ፣ አንድ ፋብሪካ የመረጠው ልማድ የተፈጥሮ ሕግ መስሎ ይታያል። እኛ እንደሚመስለን ደንቡ አንድ ዐቢይ ጕድለት አለበት፤ ይኸውም ወሬውን የሚመዝነው ባመጣው ፕሮቶኮል ስም እንጂ ወሬው በተነሣበት ምንጭ አለመሆኑ ነው። ይህ ጕድለት የቃላት ጕዳይ ብቻ እንዳልሆነና ኔትወርክን እስከ መዝጋት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ በታች በምሳሌ እናሳያለን።

1. የምርጫው ቅደም ተከተል

ደንቡን ከመንቀፋችን በፊት በትክክል ማስቀመጥ ይገባናል። ምርጫው በሦስት ደረጃ ይፈጸማል።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ፕሮቶኮል በራሱ ሚዛን የራሱን ምርጥ መንገድ ይለያል። ሪፕ የሚቈጥረው በመካከል የሚታለፉትን ራውተሮች ነው፤ ቍጥሩ እስከ 15 ይሄዳል፤ 16 ማለት «የማይደረስበት» ማለት ነው። ኦኤስፒኤፍ በየመስመሩ ላይ የተመደበውን ዋጋ ይደምራል። ኢአይጂአርፒ የመስመሩን ስፋትና መዘግየት ያጣምራል። ቢጂፒ ደግሞ ከሁሉ የተለየ ሆኖ የአስተዳዳሪዎችን ፈቃድና ወሬው እየተቀባበለ ያለፈባቸውን ሥርዓቶች ዝርዝር ይመለከታል።

በሁለተኛው ደረጃ ለአንድና ለተመሳሳይ የአድራሻ ክልል ከአንድ በላይ የሆኑ ፕሮቶኮሎች መንገድ አቅርበው እንደ ሆነ በመካከላቸው ይፈረዳል። እዚህ ላይ የሪፕን 3 ከኦኤስፒኤፍ 20 ጋር ማነጻጸር በክንድ የተለካን ሸማ በቁና ከተሰፈረ ጤፍ ጋር እንደ ማወዳደር ነው። ስለዚህ ሚዛኖቹ ወደ ጎን ተትተው ለእያንዳንዱ ፕሮቶኮል አስቀድሞ የተሰጠው ቍጥር ይታያል፤ ሲስኮ የተባለው ኩባንያ የአስተዳደር ርቀት የሚለው ይህን ቍጥር ነው። ያሸነፈው መንገድ ወደ ሰንጠረዡ ይገባል፤ የተሸነፈው በፕሮቶኮሉ መዝገብ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።

ሦስተኛው ደረጃ ፓኬቱ ሲደርስ ነው። በሰንጠረዡ ውስጥ መድረሻውን የሚያካትቱ ብዙ ክልሎች ቢኖሩ ይበልጥ ጠበብ ያለው ክልል ይመረጣል። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አስተዳዳሪው 10.0.0.0/8 ብሎ በእጁ የጻፈው መስመር ርቀቱ 1 ቢሆንም፣ ሪፕ ያመጣው 10.5.0.0/16 ርቀቱ 120 ቢሆንም፣ ወደ 10.5.0.1 የሚሄደው ፓኬት የሚከተለው የሪፕን መንገድ ነው። ሁለቱ ክልሎች የተለያዩ ስለ ሆኑ ርቀታቸው ከቶ አልተነጻጸረም። የጠባቡ ክልል ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ ዓለም ያየው በ2008 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ፌብሩዋሪ 24 ቀን ነው። ያን ዕለት የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ብሎ የፈጠረው 208.65.153.0/24 የተባለ መንገድ በቢጂፒ ወደ ውጭ ወጣ። ዩቲዩብ ያስተዋውቅ የነበረው ሰፋ ያለውን 208.65.152.0/22 ስለ ነበረ፣ ወደ ዩቲዩብ የሚሄደው ብዙው የዓለም ፓኬት ለሁለት ሰዓት ያህል ወደ ፓኪስታን ዞረ።

እንግዲህ የእኛ ሂስ የሚያርፈው በሁለተኛው ደረጃ ላይ ብቻ ነው።

2. ቍጥሮቹ ምን ይላሉ?

በሲስኮ ራውተሮች አስተዳዳሪው ካልለወጠው በቀር ከራውተሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ኔትወርክ 0 ነው፤ በእጅ የተጻፈ መንገድ 1፤ ከውጭ ጎረቤት የመጣ ቢጂፒ 20፤ የውስጥ ኢአይጂአርፒ 90፤ ኦኤስፒኤፍ 110፤ አይኤስ-አይኤስ 115፤ ሪፕ 120፤ ከውጭ የተዋሰው ኢአይጂአርፒ 170፤ ከውስጥ ጎረቤት የመጣ ቢጂፒ 200 ነው። 255 የተሰጠው ፈጽሞ አይታመንም።

ጁኒፐር የተባለው ሌላው ኩባንያ ደግሞ ይህንኑ ነገር «ምርጫ» ይለዋል። የእርሱ ቍጥሮች እንዲህ ናቸው፤ ቀጥታ 0፤ በእጅ የተጻፈ 5፤ የውስጥ ኦኤስፒኤፍ 10፤ የውስጥ አይኤስ-አይኤስ 15 ወይም 18፤ ሪፕ 100፤ ከውጭ የተዋሰው ኦኤስፒኤፍ 150፤ ቢጂፒ ከውስጥም ከውጭም ቢመጣ 170።

በመጀመሪያ ስማቸውን እንመልከት። «ርቀት» የተባለው አንዳች ርቀት አይለካም፤ «ምርጫ» የተባለውም ቍጥሩ ባነሰ መጠን ይበልጥ የሚመረጥ ነው። ሁለቱም ስሞች አሳሳች ናቸው።

ከስሙ ይልቅ የሚከብደው ግን የሁለቱ ዝርዝሮች አለመስማማት ነው። ዋና መሥሪያ ቤትና ቅርንጫፍ ያለው አንድ ድርጅት እናስብ። በመካከላቸው የራሱ ፈጣን መስመር አለው፤ በእርሱም ላይ ኦኤስፒኤፍ ይሠራል። ለመጠባበቂያ ደግሞ ከአንድ አገልግሎት ሰጪ ዘገምተኛ መስመር ተከራይቷል፤ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚነጋገረው በቢጂፒ ነው። የቅርንጫፉ ኔትወርክ በሁለቱም በኩል ይሰማል። ዋናው መሥሪያ ቤት የሲስኮ ራውተር ካለው 20 ከ110 ስለሚያንስ ፈጣኑን ትቶ በዘገምተኛው የኪራይ መስመር ይልካል። የጁኒፐር ራውተር ካለው ደግሞ 10 ከ170 ስለሚያንስ በራሱ መስመር ይልካል። መስመሮቹ ያው ናቸው፤ የተሰማው ወሬም ያው ነው፤ ፍርዱ ግን ተቃራኒ ነው። ሲስኮ ለዚህ ችግር «የጓሮ በር» የሚል ትእዛዝ አዘጋጅቷል፤ ትእዛዙ የዚያን ኔትወርክ የቢጂፒ ርቀት ከ20 ወደ 200 ከፍ ያደርገዋል። መድኀኒቱ መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመድኀኒቱ መኖር ራሱ 20 የሚለው ቍጥር ስለ መስመሩ አንዳች እንደማያውቅ ይመሰክራል።

ይህ አለመስማማት የደረሰው አንዱ ኩባንያ ሕግ ጥሶ አይደለም። ራውተሮች ሊያሟሉት የሚገባውን የሚዘረዝረው አርኤፍሲ 1812 የተባለው የ1995 ሰነድ ጠባቡ ክልል እንዲመረጥ በግልጥ ይደነግጋል፤ የመጨረሻውን መለያ ግን ለአምራቹ ፖሊሲ ይተወዋል። ስለዚህ በቃላችን የምንይዘው ዝርዝር የጋራ ሕግ ሳይሆን የአንድ ቤት ሥርዓት ነው።

3. ስለ ደንቡ የሚቀርብ መከላከያ

አንድን ነገር ስንነቅፍ ጠቃሚነቱን መካድ የለብንም። ለርቀት ደንብ ሦስት መከላከያዎች ሊቀርቡለት ይችላሉ።

አንደኛ፣ ደንቡ ቀላልና እርግጠኛ ነው፤ ራውተሩ ሁለት ቍጥር አነጻጽሮ ወዲያው ይወስናል። ሁለተኛ፣ ቍጥሩ በራውተሩ ውስጥ የሚቀር እንጂ በመልእክት ለጎረቤት የሚላክ አይደለም፤ ስለዚህ አንዱ አስተዳዳሪ ሌላውን ሳያማክር ሊለውጠው ይችላል። ሦስተኛ፣ ለመጠባበቂያ መንገድ እጅግ ይመቻል፤ በእጅ የተጻፈ መንገድ ርቀቱ 250 ቢደረግ፣ ፕሮቶኮሉ መንገድ እስካለው ድረስ ተደብቆ ይቈያል፤ ፕሮቶኮሉ መንገዱን ሲያጣ ብቅ ይላል።

እነዚህን ሁሉ እንቀበላለን። ይሁን እንጂ ሦስቱም የሚያስረዱት ርቀት የአስተዳዳሪውን ፈቃድ ለመግለጥ መልካም መሣሪያ መሆኑን ነው። መጻሕፍቱ ግን የሚሉት ሌላ ነው፤ ርቀት የምንጩ «ታማኝነት» መለኪያ ነው ይላሉ። ፈቃድና ታማኝነት አንድ አይደሉም። በእጅ የተጻፈው መንገድ ርቀቱ 1 ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይታመናል ማለት ነው። ሆኖም ወሬ የማይሰማው እርሱ ብቻ ነው፤ ከራውተሩ ጋር የተያያዘው መስመር እስካልተቋረጠ ድረስ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቢፈርስ እንኳ ቦታውን አይለቅም። ይህ የሚታዘዝለት የጌታውን ቃል ስለ ያዘ እንጂ የተሻለ ስለሚያውቅ አይደለም።

4. ምንጩን የሚረሳ ዳኛ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሪፕ የሚሠራበት አንድ አሮጌ ክፍልና ኦኤስፒኤፍ የሚሠራበት አንድ አዲስ ክፍል ያለው ኔትወርክ እንውሰድ። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኙ ሁለት የድንበር ራውተሮች አሉ፤ «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው። ሁለት የሆኑት አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ነው። ሁለቱም በሪፕ የሰሙትን ወደ ኦኤስፒኤፍ፣ በኦኤስፒኤፍ የሰሙትን ወደ ሪፕ እንዲያሳልፉ ታዘዋል፤ ይህ ሥራ መልሶ ማሠራጨት ይባላል። በሪፕ ክፍል ውስጥ «ሐ»፣ «መ» እና «ሠ» የሚባሉ ሦስት ራውተሮች በተርታ ተያይዘዋል። «ሐ» ከሁለቱም የድንበር ራውተሮች ጋር በየራሱ መስመር ይገናኛል፤ በሌላው ጫፍ ያለው «ሠ» ደግሞ 10.7.0.0/16 የተባለውን ኔትወርክ ይዟል።

«ሠ» ይህን ኔትወርክ በ1፣ «መ» በ2፣ «ሐ» በ3 ያስተዋውቃሉ። «ሀ» እና «ለ» ከ«ሐ» አፍ ሰሙት። «ሀ» ጥቂት ቀድሞ ወሬውን ወደ ኦኤስፒኤፍ አሳለፈ እንበል። አሁን ለ«ለ» ሁለት ቃል ቀረበለት፤ አንዱ ከ«ሐ» በሪፕ፣ ሌላው ከ«ሀ» በኦኤስፒኤፍ። በሲስኮ ቍጥር 110 ከ120 ስለሚያንስ «ለ» የ«ሀ»ን ቃል ይቀበላል። ልብ እንበል፤ የ«ሀ» ቃል ራሱ ከዚያው ከ«ሐ» የተሰማ ነው። «ለ» ቀርቦ የቆመውን ምስክር አሰናብቶ፣ ከዚያው ምስክር የሰማውን ሌላ ሰው አመነ፤ ምክንያቱም ሁለተኛው የተከበረ ልብስ ለብሶ ስለ ቀረበ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። «ለ» በሰንጠረዡ የገባውን የኦኤስፒኤፍ መንገድ፣ እንደ ታዘዘው፣ ወደ ሪፕ ያሳልፈዋል። ሁለቱ ሚዛኖች ስለማይመነዘሩ አስተዳዳሪው አንድ መነሻ ቍጥር መስጠት አለበት፤ 1 ሰጠ እንበል። አሁን «ሐ» ስለ 10.7.0.0/16 ከ«መ» 2፣ ከ«ለ» 1 ይሰማል፤ በሪፕ ሕግ መሠረት 1ን ይመርጣል። እንግዲህ ፓኬቱን እንከተል፤ «ሐ» ለ«ለ» ይሰጠዋል፤ «ለ» በኦኤስፒኤፍ በኩል ወደ «ሀ» ይልከዋል፤ «ሀ» በሪፕ የሚያውቀው መንገድ በ«ሐ» በኩል ስለ ሆነ ለ«ሐ» ይመልሰዋል። ፓኬቱ የዕድሜው ቍጥር እስኪያልቅ ይዞራል፤ ከዚያም ይጠፋል። አንድም መስመር አልተቈረጠም፤ አንድም ራውተር ሕጉን አልተላለፈም። ኔትወርኩ ግን ከድንበሩ ወገን ለሚመጣ ሁሉ ተዘግቷል።

ከዚህም የባሰ አለ። 10.7.0.0/16 በእውነት ቢጠፋስ? «ሠ» መጥፋቱን ለ«መ» ይነግረዋል፤ «መ» ግን ከ«ሐ» ዘንድ «እኔ አውቀዋለሁ፤ 2 ነው» የሚል ቃል ይሰማልና ያምነዋል። «ሐ» የሚያምነው «ለ»ን ነው፤ «ለ» «ሀ»ን፤ «ሀ» ደግሞ «ሐ»ን። የሌለ ኔትወርክ በሦስት ምስክሮች ሕያው ሆኖ ይኖራል። ሪፕ ለእንዲህ ያለው መዞር የራሱ መድኀኒት ነበረው፤ ቍጥሩ እየጨመረ 16 ሲደርስ መንገዱ ይሞታል። በእኛ ምሳሌ ግን ወሬው በኦኤስፒኤፍ በኩል ባለፈ ቍጥር እንደ ገና ከ1 ስለሚጀምር 16 ከቶ አይደረስም። መልሶ ማሠራጨት የሪፕን መድኀኒት ከእጁ ነጥቆታል።

5. ቍጥሩን መለወጥ ይበቃልን?

«ታዲያ የኦኤስፒኤፍን የውጭ መንገዶች ርቀት ወደ 125 ከፍ ማድረግ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ«ሀ» እና በ«ለ» ላይ እንዲህ ቢደረግ ሁለቱም ሪፕን ይመርጣሉ፤ ከላይ ያየነው መዞር ይጠፋል። በጁኒፐር ራውተሮችም የውጭ ኦኤስፒኤፍ 150፣ ሪፕ 100 ስለ ሆነ፣ አንድም ነገር ሳይለወጥ ይህ ችግር አይነሣም።

ነገር ግን ፈተናውን እንገልብጠው። 172.16.0.0/16 የተባለ ሌላ ኔትወርክ ከሦስተኛ ወገን ወደ ኦኤስፒኤፍ ክፍል የገባ ይሁን፤ ስለዚህ በኦኤስፒኤፍ ውስጥ «የውጭ» ተብሎ ይታወቃል። «ሀ» ይህን ወደ ሪፕ ያሳልፈዋል፤ «ሐ» ሰምቶ ለ«ለ» ይነግረዋል። አሁን «ለ» በሪፕ 100፣ በውጭ ኦኤስፒኤፍ 150 አለው፤ ሪፕን ይመርጣል። በቀደመው ምሳሌ ያየነው ስሕተት በግልባጩ ተመለሰ፤ ተዋሹ ባለቤቱን አሸነፈ። በሲስኮም 125 ባልነው ቍጥር 120 ከ125 ስለሚያንስ ውጤቱ ያው ነው።

ከዚህ የምንረዳው ጕድለቱ በቍጥሩ መጠን ላይ አለመሆኑን ነው። ሪፕን ብናስቀድም ከኦኤስፒኤፍ ወገን የተነሣው ይበደላል፤ ኦኤስፒኤፍን ብናስቀድም ከሪፕ ወገን የተነሣው ይበደላል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ፤ የርቀት ደንብ ግን የነገሩን ሥር አይጠይቅም። ለፕሮቶኮሉ አንድ ቍጥር ይሰጣል፤ የሚያስፈልገው ደግሞ መንገዱ በየትኛው ክፍል እንደ ተወለደ ማወቅ ነው።

ኢአይጂአርፒ 90ን ከ170፣ ጁኒፐርም 10ን ከ150 መለየታቸው ወደዚህ እውነት የተደረገ ግማሽ እርምጃ ነው፤ የራስን ልጅ ከእንግዳ ይለያሉና። ሲስኮ ለኦኤስፒኤፍ የውስጡንም የውጩንም በአንድነት 110 ማለቱ በዚህ ረገድ የሚነቀፍ ነው። ነገር ግን ግማሹ እርምጃም አይበቃም፤ «እንግዳ ነው» ይላል እንጂ «የማን ቤት እንግዳ ነው» አይልም።

ይህን ሊናገር የሚችል መሣሪያ አለ፤ ምልክት ነው። የኦኤስፒኤፍ የውጭ መንገድ 32 ቢት፣ የሪፕ ሁለተኛው እትም (አርኤፍሲ 2453፣ 1998) 16 ቢት ለምልክት ያስቀምጣሉ። በ1988 በአርኤፍሲ 1058 የተጻፈው የመጀመሪያው ሪፕ ግን ለምልክት ቦታ የለውም። «ሀ» ከሪፕ ያወጣውን ሁሉ ምልክት ቢያደርግበትና «ለ» ያን ምልክት የያዘውን ወደ ሪፕ እንዳይመልስ ቢታዘዝ፣ በሌላውም አቅጣጫ እንዲሁ ቢደረግ፣ መዞሩ ይቈረጣል። ይሁን እንጂ «ለ» ራሱ ረዥሙን መንገድ መምረጡን አይተውም፤ ይህን ለማስተው ምልክት ያለውን መንገድ ወደ ሰንጠረዡ እንዳያስገባ መከልከል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በራውተሩ ጥበብ ሳይሆን በአስተዳዳሪው ትጋት መሆኑን ልብ ይሏል።

6. ከዚህ ምን እንማራለን?

ጕዳዩ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። በ2007 ፍራንክ ለ፣ ጄፍሪ ሺዬና ህዊ ዣንግ ባቀረቡት ጥናት፣ አንድ የመልሶ ማሠራጨት ሥርዓት ወደ መዞር ያደርስ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ በጠቅላላው መልኩ ኤንፒ-ሃርድ ከሚባሉት አስቸጋሪ የስሌት ጥያቄዎች አንዱ መሆኑን አረጋግጠዋል። ለደኅንነት የሚበቃ፣ በቶሎ ሊመረመር የሚችል ሁኔታም አብረው አቅርበዋል። ትርጕሙ ግልጥ ነው፤ ድንበሮቹ ሲበዙ ሰንጠረዥ በቃል ይዞ «ይህ ያሸንፋል» ማለት አያዋጣም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ የርቀት ቍጥሮች ሲማሩ የአንድ አምራች ልማድ ተብለው ይማሩ፤ የሌላውም አምራች ዝርዝር አጠገባቸው ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሁለት ፕሮቶኮሎች በሚገናኙበት ድንበር ሁሉ ቍጥር ከመነካቱ በፊት «ይህ መንገድ የተወለደው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ ይመለስ፤ ምልክቱም ያን መልስ ይከተል። ሦስተኛ፣ ሳያስፈልግ በሁለት አቅጣጫ መልሶ ማሠራጨት ይቅር። በምሳሌያችን የሪፕ ክፍል ከኦኤስፒኤፍ ወገን የሚያስፈልገው «የማታውቀውን ሁሉ ወደ እኔ ላክ» የሚለው 0.0.0.0/0 ብቻ ነው። «ሀ» እና «ለ» ወደ ሪፕ ይህን ብቻ ቢያስተዋውቁ ኖሮ፣ «ሐ» ስለ 10.7.0.0/16 ከ«መ» በቀር ከማንም ባልሰማ፣ የሞተውም ኔትወርክ በሕይወት ባልቈየ ነበር።

የአስተዳደር ርቀት የሚወገድ ነገር አይደለም፤ በሚዛን የማይገናኙ ፕሮቶኮሎች እስካሉ ድረስ አንድ ፈራጅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህ ፈራጅ የሚያየው የምስክሩን ልብስ እንጂ ምስክሩ ያየውን አይደለም። ምንጩን መጠየቅ የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል።